ጭስ የሚያሸተው ሰውዬ

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ። እኔ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፤ አሁንም ረጅም ቃል ሲገጥመኝ እንደ ተበሳ ጎማ መሃል መንገድ ላይ ጥሎኝ ይቀመጣል። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ደንበኛ መጥቶ "ይሄ ጎማ ይሠራል?" ሲለኝ ጭንቅላቴን ነቅንቄ ነው የምመልሰው። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ሌላ ሰው ኑሮ ልጻፍ ብሎ ሲነሳ "አንተ ደግሞ ማን ነህ?" ቢባል እውነት ነው፣ ማንም አይደለሁም። ግን በሰፈራችን ሻይ ቤት ስለዚያ ሰውዬ የሚወራው ሁሉ ከራሱ አፍ የወጣ ነው። የእሱ አፍ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ክዳን የለውም። ስለዚህ ባያምርም ያየሁትን ልጻፈው ብዬ ነው። ካበላሸሁ አንባቢ ይለፈኝ።

ሰውዬው መካኒክ ነው። ስም አለው፤ ግን በስሙ የሚጠራው የለም። ፊት ለፊት "ጋሼ" እንለዋለን፤ ዞር ሲል "አፍንጫ"። እኔ ጎሚስታ ነኝ። ከእሱ ጋራዥ በር ገባ ብሎ፣ አጥሩን ተደግፌ ነው ጎማ የምለጥፈው። ጎማ የሚለጥፍ ሰው ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ስለሚውል ሰዎች የሌለ ይመስላቸዋል፤ እኔ ፊት የማይወራ ነገር የለም። አፍንጫንም የማውቀው እንዲሁ ነው፣ ከታች ወደ ላይ እያየሁ። ሰውን ከታች ወደ ላይ ሲያዩት ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው የአፍንጫው ቀዳዳ ነው።

ቅጽል ስሙን ያገኘው በአንድ ቀን ነው። ድሮ፣ ገና ጸጉሩ ጥቁር ሳለ፣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር "መኪናዬ ጉልበት አጣብኝ" ብሎ ይመጣል። አፍንጫ ከጭስ ማውጫው፣ ከማርሚታው ኋላ ቆሞ ጭሱን አንዴ ወደ ውስጥ ሳበና "ናፍጣህ ውስጥ ላምባ አለበት" አለው። ሹፌሩ ክው አለ። ለካ የጌታውን ናፍጣ እየቀዳ እየሸጠ በላምባ ይተካው ኖሯል። ያን ቀን ልክ ነበር፤ አልክድም። ግን አንድ ቀን በጣለ ዝናብ ዕድሜ ልኩን የሚያርስ ገበሬ አይቼ አላውቅም፤ በእሱ አየሁ። ሻይ ቤት ውስጥ ወሬ ሲጠፋ "እስቲ የላምባዋን ድገምልን ጋሼ" ይሉታል። እሱ ደግሞ አያፍርም፣ ይደግማታል። በተደገመች ቁጥር ሹፌሩ እየወፈረ፣ መኪናው እየረዘመ መጣ። በቅርቡ ተጎታች ቀጥሎበታል።

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው እጁን ሞተር ውስጥ ሲያስገባ ያየው ሰው የለም። የሌላ መካኒክ ቱታ ግራሶ ጠጥቶ ብቻውን መቆም ይችላል። የእሱን ሚስቱ ተኩሳ ነው የምታለብሰው፤ ሱሪው ላይ ያለው መስመር ዳቦ ይቆርጣል። ከሠራተኞቹ አንዱ ልጅ ሲወለድለት ቱታውን ለክርስትና ልዋስ ብሎ አሹፎበታል። በደረት ኪሱ ሁልጊዜ የታጠፈ ነጭ መሀረብ አለ። ያ መሀረብ ነው መሣሪያው።

መኪና ሲመጣ ጀርባውን ወደ ግቢው ሰው አዙሮ እንዲቆም ይደረጋል። ሞተሩ ይነሳል። አፍንጫ መሀረቡን ያወጣና ጭሱ ላይ ዘርጋ አድርጎ፣ መልሶ አፍንጫው ላይ ይይዘዋል፤ ዓይኑንም ይጨፍናል። መሀረቡ ከአፍንጫው እስኪወርድ ድረስ በግቢው ውስጥ ማንም ትንፍሽ አይልም። ሕግ ነው። ቀድሞ የተናገረ ለግቢው ሰው ሁሉ ሻይ ይጋብዛል። ሕጉን ያወጣው ራሱ አፍንጫ ነው፤ ጥያቄ ስለማይወድ። ባለመኪናውም፣ ሠራተኛውም፣ የሻይ ቤቷ ሴትዮ ሳትቀር ትሪዋን ይዛ ቆማ ዝም ትላለች። እኔ በዚህ ሕግ ተቀጥቼ አላውቅም ነበር። "ከጎሚስታው ተማሩ፣ ሥርዓት ያለው ሰው" ይልልኝ ነበር። ሥርዓት አይደለም፤ አፌ አይፈታም ነው እንጂ።

መሀረቡ ሲወርድ ፍርድ ይሰጣል። ጭሱ ነጭ ከሆነ "ውሃ ገብቶበታል፣ ሞተር ይወርዳል።" ጥቁር ከሆነ "ናፍጣ በዝቶበታል፣ ሞተር ይወርዳል።" ሰማያዊ ከሆነ "ዘይት እየበላ ነው፣ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ ሞተር ይወርዳል።" ጭሱ ቢጫ ቢሆን ምን ሊል እንደሚችል አስቤ ለብቻዬ የሳቅኩበት ቀን አለ። ለማንኛውም ይወርዳል። የሚያወርዱት ግን ሠራተኞቹ ናቸው። እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ "ቀስ በሉ" ይላል።

በእጁ የሚሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ዘይት በሚገባበት ሁሉ ዘይት መሙላት። ዘይት ከጣሳ ስለሚፈስ እጅ አያቆሽሽም። "እኔ ዘይት አልሰስትም" ይላል ደረቱን ነፍቶ። "ስስታም ጋራዥ ነው እስከ ምልክቱ የሚሞላ። እኔ ጋ የመጣ መኪና ጠግቦ ይሂድ።" አንዴ አንድ ደንበኛ "ጋሼ፣ ምልክቱ እኮ ያለፈ ይመስለኛል" ቢለው "ምልክት የተሠራው ለድሃ ነው" ብሎ አሳቀን። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ። ሰው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ።

እንግዲህ ወደ እህቴ ልምጣ።

ታላቄ ናት። እትዬ ነው የምላት። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ለኔም ለእሷም የምትናገረው እሷ ስለሆነች ይሆናል እኔ ዝም ብዬ ያደግሁት። አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ አላት፤ ራሷ ነው የምትነዳው። ባሏ ጥሏት ሲሄድ የቀረላት እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ረስቶት እንጂ አስቦላት አይደለም። ጎህ ሲቀድ ከዳቦ ቤቱ ዳቦ ትጭንና ለየሱቁ ታዳርሳለች። ልጆቿ የሚበሉት ከዚያ ጎማ ሥር ነው።

እኔ ነኝ "ጋራዡ እኔ ያለሁበት ነው፣ እዚያ ሰርቪስ አስደርጊው" ያልኳት። አፍንጫም "የጎሚስታው እህት ማለት እህቴ ናት" ብሎ ዘይቱን በገዛ እጁ ሞላላት። በማግስቱ ፒካፑ ሰማያዊ ጭስ ማጨስ ጀመረ። ትንሽ አልነበረም፤ ዳገት ስትወጣ ከኋላ ያለው ሰው መስኮት ይዘጋል። ባለሱቆቹ ማጉረምረም ጀመሩ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ጠርቶ "እትዬ፣ ዳቦው ዘይት ዘይት ይሸታል እያሉኝ ነው። እስከ ቅዳሜ ካላስተካከልሽው ሌላ መኪና መያዜ ነው፣ አትቀየሚኝ" አላት።

ይዛው መጣች። ፒካፑ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ መሀረቡ ወጣ፣ ግቢው ጸጥ አለ። አፍንጫ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና መሀረቡን አወረደ።

"ሞቷል" አላት።

"ማን?"

"ሞተሩ ነዋ! ፋሻው አልቋል። ባወርደውም አይነሳም። ላንቺ ስለማስብ ነው እውነቱን የምነግርሽ፤ ሽጪው።"

"ኧረ ጋሼ፣ እስከ ሰሞኑ ድረስ ደህና ሲነዳ የነበረ መኪና! እስቲ ኮፈኑን ክፈትና እይልኝ።"

"ሐኪም ጉንፋን ለማወቅ ሆድ ይቀድዳል እንዴ?"

ግቢው ሳቀ። እኔ ያን ቀን አልሳቅኩም።

"ይሄን ጭሳም ማን ይገዛኛል?" አለች።

"ለዘመድ ብዬ ሰው እፈልግልሻለሁ።"

ሰው ያለው የሚስቱን ወንድም ነው። ግቢው ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። አፍንጫ "ሞቷል" ካላቸው መኪናዎች ስንቶቹ እዚያ ሰውዬ ግቢ ሄደው ነፍስ እንደሚዘሩ ሠራተኞቹ ያወራሉ፤ ያወሩና ደሞዛቸውን ያስባሉ፣ ዝም ይላሉ። እኔ ደግሞ ሳላወራም ዝም እላለሁ።

እትዬ መጥታ እኔ አጠገብ የተጣለ ጎማ ላይ ቁጭ አለች። አታለቅስም እሷ፤ ስትናደድ ጫማዋን ነው የምታራግፈው። እያራገፈች "ወንድምዬ፣ አንተ ምን ትላለህ? ልሽጠው?" አለችኝ።

ምን ልበላት? ስለ ሞተር የማውቀው የለም፤ ጎማ ነው የማውቀው። ያ ሰውዬ እንደሚያታልላት ልቤ ይነግረኛል፤ በምን እንደሚያታልላት ግን አላውቅም። ምናልባትም እውነቱን ይሆናል። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፤ እሺም እምቢም አይመስልም ነበር።

"አንተስ ባትፈጠር ይሻል ነበር" አለችኝና ጭንቅላቴን ዳበስ አድርጋ ሄደች።

ዓርብ ዕለት የሚስቱ ወንድም መጣ። ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ቁልፍ ማንጠልጠያውን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ነው የሚያወራው። ስለ ዋጋው አስቀድመው ተነጋግረው ነበር፤ የቀረው ወረቀቱ ላይ መፈረም ብቻ ነው። እትዬ ፊቷ ጠቁሯል። ልትፈርም ስትል አፍንጫ ሠራተኛውን ጠራ።

"የአየር ማጣሪያዋን አውልቅና አስቀምጥልኝ። ያቺ ሰማያዊ መኪና የተሻለ ማጣሪያ ትፈልጋለች።"

እትዬ ብድግ አለች። "ምን? ከመኪናዬ ላይ?"

"ለሞተ ሞተር ማጣሪያ ምን ያደርግለታል እቴ? ውሉ ላይ ደግሞ ማጣሪያ የሚል ነገር የለም።"

"ከሬሳ እግር ጫማ ማውለቅ ይሉሃል ይሄ ነው!"

"የሚስቴ ወንድም ነው የሚገዛው፣ እሱ ካልተናገረ አንቺ ምን አገባሽ?"

ገዢው ትከሻውን ሰበቀ። ሠራተኛው ማጣሪያዋን ፈትቶ አወጣት። የድሮ መኪና ማጣሪያ እንደ ድስት ያለች ብረት ናት፤ ታችኛው ሳህኗ ውስጥ አቧራውን የሚይዝ ዘይት ይደረጋል፣ ሳህኗ ላይም ዘይቱ እዚህ ድረስ የሚል መስመር አለ። ሠራተኛው እንደ ሾርባ በሁለት እጁ ይዞ መጥቶ እኔ አጠገብ፣ አጥሩ ሥር አስቀመጣት። ለምን እንዲህ ተጠንቅቆ እንደያዛት ያኔ አልገባኝም።

ገዢው "እስቲ አስነሽው፤ እስከ ግቢዬ የሚደርስ ከሆነ መጎተቻ አልጠራም" አላት። አፍንጫ ደስ አለው፤ ሰው ተሰብስቧል፣ አማቹ ፊት ነው፣ ይህን ዕድል አያሳልፍም። መሀረቡን አወጣ። የሻይ ቤቷ ሴትዮም ትሪዋን ይዛ ቆመች። እትዬ ገብታ ቁልፉን አዞረች።

ማርሚታው እንደ ልማዱ አስነጠሰና ጥቅል ሰማያዊ ጭስ ወረወረ። አፍንጫ መሀረቡን ጭሱ ላይ ዘረጋ፣ አፍንጫው ላይ አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ቀጥሎ የወጣው ጭስ ሳሳ አለ። የሚቀጥለው ደግሞ ከሱም ሳሳ። ቧንቧው ውስጥ የቀረ ነገር ሲያልቅ እንደሚሆነው ነው፣ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ። ከዚያ ጠፋ። ሞተሩ እየሠራ ነው፣ ድምጹ ይሰማል፤ ከማርሚታው የሚወጣው ግን የሚንቀጠቀጥ ሙቀት ብቻ ነው። በዚያ በኩል አጥሩ ጥርት ብሎ ይታያል።

አፍንጫ መሀረቡን አላወረደም።

እንጠብቃለን። ሠራተኞቹ ማርሚታውን ያያሉ፣ እሱን ያያሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ። ማንም አይናገርም፤ የሻዩ ነገር አለ። ገዢው ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። አፍንጫ አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ማርሚታውን አየና ፈጥኖ መልሶ ጨፈነው። እኔ ከታች ስለሆንኩ በደንብ አየሁት። አየኸኝ ወይ የሚል ዓይን ነበር። ቀና ብሎ እውነቱን ቢናገር አንድ ቃል ነው፤ ግን ያ ሰውዬ እውነት ከሚናገር መሀረቡን ቢውጥ ይመርጣል። እህቴ ሹፌር ወንበር ላይ ሆና ምን እንደተፈጠረ አታውቅም፤ ወረቀቱ ኮፈኑ ላይ ተዘርግቶ እስክርቢቶው ይጠብቃታል። መሀረቡ ሲወርድ "ሞቷል" ይላል፣ እሷም ትፈርማለች፣ ግቢውም ደሞዙን ያስባል።

"ጭስ የለም" የሚል ድምጽ ሰማሁ።

ቀጭን ድምጽ ነበር፣ እንደሚተነፍስ የጎማ ካላማዳሪ። የማን ነው ብዬ ዞር ስል ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት።

"ጎሚስታው ተናገረ!" ብሎ አንዱ ጮኸ።

"ሻይ! ሻይ! እልል በሉ፣ ድዳው ተፈታ!"

ጆሮዬ እስኪነድ ድረስ አፈርኩ። ከጎማው ሥር መግባት አማረኝ። ግን እትዬ ሞተሩን ሳታጠፋ ወርዳ ወደ ኋላ ሮጠች፣ ማርሚታውን አየች፣ እጇን አስጠግታ አየች። ምንም የለም።

"ምን ነክታችሁት ነው?" አለች።

"ማጣሪያዋን ብቻ ነው ያወለቅነው" አለ ሠራተኛው፣ መሬት መሬት እያየ።

እኔ ጋ መጣች፣ ማጣሪያዋን በሁለት እጇ አነሳቻትና ዘመም አደረገቻት። ዘይቱ ግልብጥ ብሎ ፈሰሰ። ጫማዬ ላይ ደርሶ አለፈ። ሳህኗ እስከ አፏ ሞልታ ነበር፤ መስመሩ ከዘይቱ ሥር የት እንዳለ አይታይም።

"ይሄን ጎርፍ ማነው የሞላው?"

ከኋላ አንዱ ድምጹን ቀይሮ፣ ደረቱን በነፋ ሰው ድምጽ፣ "ጠግቦ ይሂድ!" አለ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከሠራተኞቹ ትልቁ "እትዬ፣ ሞተሩ አየር ሲስብ ዘይቱን አብሮ እየጠጣው ነበር። ሌላ በሽታ የለበትም" አላት።

አፍንጫ ይኼኔ መሀረቡን አወረደ። ቀስ ብሎ በአራት አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው።

"አያችሁ?" አለ። "ለዚህ እኮ ነው ማጣሪያዋን አውልቁ ያልኳችሁ። አሽትቼ ከጨረስኩ ቆይቻለሁ።"

ገዢው አፈጠጠበት። "እና እኔን ለምን ጠራኸኝ?"

"እንድታይ።"

"ምኑን?"

"ሙያ!"

እትዬ ወረቀቱን ከኮፈኑ ላይ አንስታ ዘይት የፈሰሰበት ጭቃ ላይ ጣለችው፣ በጫማዋ ረገጠችው። "ሞቷል ያልከኝስ ጋሼ? እሱም ሙያ ነው?"

"ሴት ካልደነገጠች መኪናዋን አትንከባከብም። ለጥቅምሽ ነው ያስደነገጥኩሽ።"

"አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል ይላሉ" አለችው። "ያንተ ዓይን ግን እንኳን ሊያለቅስ፣ አፍሮም አያውቅ።"

እሱ እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ሻይ ቤቷ ሴትዮ ዞረ። "ጎሚስታው ሕግ አፍርሷል። ቅጅልን።"

ጋበዝኩ። ሕግ ሕግ ነው። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ያነሳው ራሱ አፍንጫ ነው፤ "ስኳር አንሷል" ብሎ አስጨመረ። ገና ብርጭቆው ሳያልቅ ወሬው ተቀይሮ ነበር። "ጭሱን ስስበው የማጣሪያ ዘይት መሆኑን ምላሴ ላይ አወቅሁት" እያለ ላንዱ ደንበኛ ይነግረዋል። ደንበኛው "አይ ጋሼ!" ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ማፈር ያለብኝ እኔ መሆኔ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሠራተኞቹ ማጣሪያዋን አጥበው፣ እትዬ አናታቸው ላይ ቆማ፣ ዘይቷን እስከ መስመሩ ብቻ ሞልተው ገጠሙላት። ፒካፑ ሲሄድ ጭሱ የለም። አንገቷን በመስኮት አውጥታ "ወንድምዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተናገር፤ ሻዩን እኔ እከፍላለሁ!" ብላ ጮኸችብኝ። ግቢው ፊት። እሷም አታፍርም።

በማግስቱ ጠዋት ከወትሮው ቀድሜ መጣሁ። እትዬ ዳቦዋን ጭና በበሩ አለፈች፤ ክላክስ አደረገችልኝ፣ ከኋላዋ ንጹሕ አየር ነው የቀረው። የጋራዡ በር ገርበብ ብሏል። ሠራተኞቹ አልገቡም። ገብቼ አጥሩ ሥር አጎንብሼ ዕቃዬን ስዘረጋ ብረት ሲነካካ ሰማሁና በመኪናዎቹ መሃል አየሁ።

አፍንጫ ነው። ኮፈን ከፍቶ፣ ጭንቅላቱን ሞተር ውስጥ ቀብሮ። በዕድሜዬ ያን አይቼ አላውቅም። የሰማያዊዋን መኪና ማጣሪያ አውልቆ ትርፉን ዘይት ጀሪካን ውስጥ ገለበጠ፤ ዓይኑን አጥብቦ መስመሩን ፈለገ፤ ጠርዙን በነጩ መሀረብ ጠረገ። ከዚያ ወደ አጠገቧ መኪና ሄደ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው። መሀረቡ ጥቁር ሆነ። በተተኮሰው ሱሪ ጉልበት ላይ ዘይት አለ። ትንሽ ልራራለት ነበር።

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

"ምን ታያለህ?" አለኝ። "ጎማህን ንፋ!"

አጎነበስኩ። የሠራተኞቹ ድምጽ ከመንገዱ ሲመጣ ኮፈኖቹን ቶሎ ቶሎ ዘጋ፤ ጀሪካኑን ከበሩ ኋላ ሸጎጠ፣ ጥቁሩን መሀረብ ከጀሪካኑ ሥር። ከሱሪ ኪሱ ሌላ ነጭ መሀረብ አወጣ። ከመጀመሪያዋ መኪና ኋላ ሄዶ ቆመና፣ ሁሉም እስኪገቡ ጠብቆ፣

"አስነሷት" አለ።